የየብሱ ባሕር ዛፍና የባሕሩ ረቂቅ ተክል



ባለፈው ክርክራችን ላይ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ከኦክስጅን ግማሹን የሚያፈራልን ባሕር ከሆነ፣ የተራራው ዛፍ ቢቈረጥ ምን ይጐድልብናል?» ሲል ብዙዎቻችን አጨበጨብንለት። ዛሬ የቆምነው ያን ጭብጨባችንን ለመመርመር ነው።

ለንጽጽር ሁለት ፍጥረታት መርጠናል። አንደኛው በየጓሯችን የምናየው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ባሕር ተሻግሮ ስለ መጣ በዚሁ ስም ተጠራ። ቁመቱ ከ50 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሁለተኛው በባሕር ውስጥ ከሚንሳፈፉት፣ ፕላንክተን ከሚባሉት ወገን የሆነው ፕሮክሎሮኮከስ ነው። 1500 ያህሉ በሰልፍ ቢደረደሩ ርዝመታቸው አንድ ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሊቋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቻቸው መኖሩን በጽሑፍ ያስታወቁት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ነው። ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሞቃት ባሕሮች ይኖራል፤ በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ከሚሠሩት ፍጥረታት መካከልም በቍጥር የሚተካከለው አልተገኘም።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፤ ይኸውም ብርሃንን ይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ውሃን ወደ ምግብ መለወጥና ኦክስጅን መልቀቅ ነው። የየብስ ዕፅዋት በጠቅላላው በዓመት 56 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን አካል ሲያደርጉ፣ የባሕሮቹ 48 ቢሊዮን ያህል ያደርጋሉ። እንግዲህ ጓደኛችን ስለ ግማሹ የተናገረው ከእውነት የራቀ አይደለም።

ነገር ግን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ፕሮክሎሮኮከስ በቀን አንድ ጊዜ ገደማ ለሁለት ይከፈላል፤ ብዙው ወዲያው በሌሎች ረቂቃን ይበላል። ያፈራው ኦክስጅንም አብዛኛው እዚያው በሚኖሩት ፍጥረታት መተንፈሻ ያልቃል። የዕለት ደመወዙን በዕለቱ የሚጨርስ ሠራተኛ ይመስላል። ዛፉ ግን ከዓመት ወደ ዓመት በግንዱና በሥሩ ያጠራቅማል፤ ጎተራ ነው። ስለዚህም በየብስ ዕፅዋት አካል 450 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ሲገኝ፣ ምግባቸውን ራሳቸው በሚሠሩት የባሕር ፍጥረታት ያለው 1 ቢሊዮን ያህል ብቻ ነው።

ዛፍ የምንጠብቀው ትንፋሽ እንዳያጥረን አይደለም፤ በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በረዥም ዘመናት የተጠራቀመ ነውና። የምንጠብቀው ጎተራው ሲቃጠል ካርቦኑ ወደ አየር ተመልሶ ምድርን ስለሚያሞቅ ነው። «ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቈጠቍጣል» ቢባል እውነት ነው፤ ሆኖም ጎተራው ዳግመኛ እስኪሞላ ዓመታት ያልፋሉ።

እንግዲህ ባሕሩን እናመስግን፤ ዛፉንም እንጠብቅ። ያለ ምርመራ የሰጠነውን ጭብጨባ ግን ዛሬ መልሰን ወስደናል።