ራቁቷን የወጣች መኪና

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መኪና ነው። ስለ ሞተሯ ለመናገር ሙያው የለኝም፤ የማወራው ስለ ቆዳዋ ነው። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁና እሱን ያዙልኝ።

ዓመቱ 2007፣ ወሩ ኦገስት፣ ቦታው አሜሪካ፣ ቴነሲ ውስጥ ያለችው ብሪስቶል ናት። የብሪስቶል የመኪና መሮጫ ቀለበት ዙሪያው አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ታዲያ ያኔ በዚያች ጠባብ ቀለበት ዙሪያ ከ150 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ መቀመጫ እንደ ገደል ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። ውድድሩ የማታ ነው፤ መብራቱ ቦግ ብሏል። መኪኖቹ ከኮፈናቸው እስከ ኋላ ፓራውልታቸው ማስታወቂያ ለብሰው ወጡ። ቢራ አለ፣ መዶሻና ሚስማር የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ የሞተር ዘይት አለ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ቁጥር 31፣ ብርቱካናማ ቀለሟንና ቁጥሯን ይዛ፣ የዋናው ስፖንሰሯ ስም መኖር በነበረበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሆና ብቅ አለች። ሾፌሩ ጄፍ በርተን ይባላል።

ስፖንሰር ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ስፖንሰሩ አለ፤ ከፍሏል። ስሙን እንዳይጽፍ ነው የተከለከለው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሲጋራ ነው። በ1971 መባቻ አሜሪካ የሲጋራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አገደች። እኛም ዘንድ በሕግ የተከለከለ ነውና፣ አሁን የሲጋራ ስም ስጠራ ታሪክ እያወራሁ መሆኔን አለቆቼም ይስሙልኝ። የትምባሆ ኩባንያዎቹ ያን ሁሉ የማስታወቂያ ገንዘብ ታቅፈው ቀሩ። በዚያ ዘመን ጁኒየር ጆንሰን የሚባል ሰው ነበር፤ በወጣትነቱ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች ድብቅ አረቄ ጭኖ ከፖሊስ ሲሸሽ መንዳት የተካነ፣ ኋላ ስመ ጥር ተወዳዳሪና የቡድን ባለቤት የሆነ። (እንዲህ ያለ መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ ትምህርት ቤት የትም የለም።) ጆንሰን አር ጄ ሬይኖልድስ ወደተባለው የትምባሆ ኩባንያ ሄዶ ለመኪናው ስፖንሰር ጠየቀ። እነሱ ግን ሊያወጡት ያሰቡት ገንዘብ ለአንዲት መኪና የሚበዛ ነበር። ስለዚህ ውድድሩን ወደሚመራው ድርጅት፣ ወደ ናስካር መራቸው። ከዚያ በኋላ እስከ 2003 ድረስ ውድድሩ በኩባንያው ሲጋራ ስም ዊንስተን ካፕ ተባለ። በበር የተባረረው ሲጋራ በመስኮት ገብቶ፣ እሁድ እሁድ ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያህል በቴሌቪዥን ስሙ ሲጠራ ኖረ።

ዊንስተን ሲወጣ በቦታው ኔክስቴል የተባለ የሞባይል ስልክ ኩባንያ ገባ። ውሉ የ10 ዓመት ነው፤ ዋጋው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ በጊዜው ተዘግቧል። ይህን ያህል አውጥቶ የደገሰ ሰው ደግሞ ባላንጣውን ድግሱ ላይ ተቀምጦ ማየት አይፈልግም። ሌላ የስልክ ኩባንያ መኪና ላይ አይለጠፍም የሚል አንቀጽ ተጻፈ።

ችግሩ ግን ሁለት ሌሎች የስልክ ኩባንያዎች ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። ሲንጉላር የተባለው የስልክ ኩባንያ የሪቻርድ ቺልድረስ ቡድን ቁጥር 31 ላይ ነው፤ ኦልቴል የተባለው ደግሞ ራያን ኒውማን የሚነዳት፣ የፔንስኪ ቡድን ቁጥር 12 ላይ። እነሱን ማባረር ቀላል አልነበረም። ናስካር ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ባለቤት አለው፤ የጎማው፣ የሞተሩና የመካኒኩ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ስሙ ኮፈኑ ላይ በተጻፈው ድርጅት ኪስ ነው። ስፖንሰሩን ስታስወጣ ቡድኑን ጾም ታሳድራለህ። ስለዚህ ነባሮቹ ይቆዩ፣ አዲስ አይግባ፣ ነባሮቹም ከያዙት አይስፉ ተባለ።

ይህ እኮ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀበሌ ቤት ነው! ነባሩን ተከራይ አታስወጣውም፤ እሱም ግድግዳ አፍርሶ አያሰፋም። በሰላም የሚኖረው ግን ውሉ ላይ ያለው ስም እስካልተነካ ድረስ ነው። አባወራው ያረፈ ዕለት ልጆች «ስም ይዛወርልን» ብለው ይሄዳሉ፤ መዝገቡም ይገለጣል። ጉድ የሚፈላው ያኔ ነው።

የሲንጉላርም ስም አረፈ። በ2006 መጨረሻ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ የሲንጉላር ሌላው ባለድርሻ የነበረውን ቤልሳውዝን ገዛና ሲንጉላርን ሙሉ በሙሉ ጠቀለለው። ከዚያም የሲንጉላርን ስም እያወረደ የራሱን መስቀል ጀመረ። መኪናዋም ላይ እንዲሁ ላድርግ ሲል ናስካር አይሆንም አለ፤ እንዲቆይ የተፈቀደለት ሲንጉላር ነው፣ ኤቲ ኤንድ ቲን አናውቀውም ነው ነገሩ። እናም ከሱቁ ሁሉ እየወረደ የነበረ የሞተ ስም፣ በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር በምትከንፍ መኪና ላይ ተለጥፎ ከከተማ ከተማ ሲዞር ከረመ። ለሙት ማስታወቂያ የሚከፍል ኩባንያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከዚህ በቀር አላጋጠመኝም።

ኤቲ ኤንድ ቲ በማርች 2007 ግድም አትላንታ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ከተማ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ። በሜይ 18 ዳኛ ማርቪን ሹብ ናስካር ላይ እግድ ሰጡ፤ ስሙም መኪናዋ ላይ ወጣ። ናስካር አልተኛም። ይግባኝ አለ፤ በተጨማሪም 100 ሚሊዮን ዶላር ካሳ የሚጠይቅ የመልስ ክስ አቀረበ፤ ጭራሽ የስልክ ኩባንያዎቹን በሙሉ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ለማስወጣትም ፈለገ። በኦገስት 13 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እግዱን አነሳ።

ያነሳበት ምክንያት ነው እኔን ያስገረመኝ። ስም መለወጥ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን አልወሰነም። ያለው ኤቲ ኤንድ ቲ ለመክሰስ መብት የለውም ነው። ውሉ በናስካርና በቺልድረስ ቡድን መካከል ነው፤ ከፋዩ ተዋዋይ አይደለም። ቀለሙን የሚገዛው፣ ጎማውን የሚገዛው ሰው ስለ ቀለሙ ሲጠይቅ «አንተ እዚህ ውል ውስጥ የለህበትም» እንደ ማለት ነው። በሕግ ዓይን ትክክል ሊሆን ይችላል። ቺልድረስ ደግሞ በዚያ ክስ ከሳሽ ሆኖ አልቆመም። በየሳምንቱ በናስካር ሜዳ ለሚያርስ ሰው ከባለ ርስቱ ጋር መካሰስ የሚቀል አይመስለኝም።

እንግዲህ ብሪስቶል ላይ መኪናዋ ራቁቷን የወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተውን ስም መልሶ ከመለጠፍ ባዶውን መተው ተመረጠ። እንደኔ እንደኔ በዚያ ምሽት ከሁሉ ይልቅ ዓይን የምትስበው እሷ ነበረች። በማስታወቂያ ጫካ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ይታያል።

በዚህ ስፖርት የማስታወቂያ ቦታ በስንዝር የሚለካ መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ወግ ላንሳላችሁ። ናስካር ላይ ያሸነፈ ሾፌር ላቡ ገና ሳይደርቅ ካሜራ ፊት ቆሞ ኮፍያ ይለዋውጣል። አንዱን ያደርጋል፣ ፎቶ፤ ያወልቃል፣ ሌላውን ያደርጋል፣ ፎቶ፤ ለእያንዳንዱ ስፖንሰር አንድ ኮፍያ። የኮፍያ ጭፈራ ይሉታል። በ2004 የኮካ ኮላ ምርት የሆነው ፓወሬድ ደግሞ የአሸናፊው መኪና ጣሪያ ላይ ጠርሙሱ ይቀመጥለት ነበር። ከሾፌሮቹ መካከል ግን የፔፕሲው ጌቶሬድ የሚከፍላቸው አሉ። እነሱ ምን ያድርጉ? ጂሚ ጆንሰን ፖኮኖ በተባለው መሮጫ ሲያሸንፍ ጠርሙሱ የራሱ ስፖንሰር በሆነው በሎውስ ምልክት ተጋረደ። ቅጣቱ 10 ሺህ ዶላር! ጠርሙስ በመጋረዱ። ሰፈራችሁ ያለውን ባለ ሱቅ አስቡት፤ ፍሪጁን የሰጠው የለስላሳ ፋብሪካ የተቀናቃኙን ጠርሙስ ፍሪጁ ውስጥ ቢያገኝ ምን እንደሚል። ባለ ሱቁ ግን ቢያንስ ጠርሙሱን ደብቆ ከጠረጴዛው ስር ሊሸጥ ይችላል፤ ጆንሰን ከ10 ካሜራ ፊት ነው የቆመው።

ወደ ስልኮቹ እንመለስ። በሴፕቴምበር 2007 ታረቁ። ኤቲ ኤንድ ቲ ስሙን እስከ 2008 መጨረሻ ቁጥር 31 ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ በኋላ ይሰናበታል።

ጥፋቱ የማን ነው ካላችሁኝ፣ የናስካር ነው እላለሁ። ኔክስቴል የገዛውን ጠየቀ፤ ኤቲ ኤንድ ቲም የራሱን ስም ጠየቀ። አንዱን ግድግዳ ለሁለት ሰው ያከራየው ግን ባለ ቤቱ ነው። ደግሞም እዩት፤ ኔክስቴል ራሱ በ2005 ከስፕሪንት ጋር ተዋህዶ ነበርና፣ ከ2008 ጀምሮ ውድድሩ ስፕሪንት ካፕ ተባለ። ስም መለወጥ ለቁጥር 31 ነውር፣ ለውድድሩ ግን ማዕረግ ሆነ።

የስፕሪንት ካፕ የመጀመሪያ ውድድር ፌብሩወሪ 17 ቀን 2008 ዳይቶና ላይ ተካሄደ። ዳይቶና 500 ለሃምሳኛ ጊዜ የተካሄደበት ነበርና የዓመቱ ትልቁ ድግስ ነው። የመጨረሻው ዙር ሲጀመር ቶኒ ስቱዋርት ይመራ ነበር። ኩርት ቡሽ የቡድን ጓደኛውን መኪና ከኋላ እየገፋ ከሰደደው በኋላ ግን ያ ጓደኛው ቀድሞ ገባ። ጓደኛው ማን ነው? ራያን ኒውማን፣ ቁጥር 12። ኮፈኑ ላይ የተጻፈው ኦልቴል ነው፤ ሁለተኛው ነባር ተከራይ! ስፕሪንት ስሙን ባወጣበት በመጀመሪያው ቀን የአሸናፊነት ፎቶው የተነሳው ከባላንጣው ስም ጋር ነው። ፎቶው ዛሬም አለ።

አሁን እነዚያ ሁሉ የት ናቸው? ሲንጉላር ቀድሞ ሞቷል። ኦልቴልን በ2009 መጀመሪያ ቬራይዘን ገዛው። ስፕሪንት በ2016 መጨረሻ ውድድሩን ለቀቀ፤ በ2020 ደግሞ ቲ-ሞባይል ዋጠው። ከኦልቴል ስም የቀረችውን ጥቂት ገበያ በ2013 በ780 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ማን እንደሆነ ግን ልንገራችሁ፤ ብሪስቶል ላይ ስሙ ከቁጥር 31 የተፋቀው ኤቲ ኤንድ ቲ ነው።