መምህሩና ተማሪው በአንድ ዐውደ ምሕረት
(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር)



ዩኒቨርሲቲ ባለበት ከተማ የምታገለግሉ ሁሉ ሁለት እሮሮ ትሰማላችሁ። መምህሩ «የዛሬ ልጅ መጽሐፍ አይገልጥም፤ ታላቅም አያከብር» ይላል። ተማሪው ደግሞ «መምህራችን አይሰማንም» ይላል። ሁለቱም በአንድ ዐውደ ምሕረት ያስቀድሳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም።

ነገሩን የጠባይ ጉድለት ብቻ አድርጌ አላየውም። ዛሬ ጠጉራቸው የሸበተ መምህራን በ1980 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ሲጀምሩ፣ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባ፣ አስመራና ዓለማያ ነበሩ። ፈተናውን ያለፈ ልጅ ለመንደሩ ብርቅ ነበር፤ ሲመረቅም መንግሥት ሥራ ይመድበው ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል፤ ብዙው ተመራቂ ዲግሪውን ይዞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ይቆማል። እንግዲህ መምህሩ «ተማር፣ ትደርሳለህ» ሲለው፣ ለልጁ የሚሰማው ምክር ሳይሆን የሌላ ዘመን ወሬ ነው። መምህሩም በበኩሉ በታጨቀ ክፍል ውስጥ የማንን ስም ይያዝ? ልጁ በቴሌግራም ሲጽፍለት ድፍረት ይመስለዋል፤ ለልጁ ግን ደብዳቤ ማለት እርሱ ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ትምህርቱን ሊያቋርጥ ያሰበ ተማሪ የሚያማክረው ታላቅ ካጣ፣ ሻንጣውን አንሥቶ ሳይሰናበት ይሄዳል።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ የቆየ ልምድ አላት። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ይዞ ከየኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታም ሰምተው እዚያው ያርሙታል። ተማሪው ቁራሽ ለምኖ የሚያድር ድኻ ነው፤ ሆኖም ትናንት የት ላይ እንደ ተሳሳተ የሚያውቅ መምህር አለው። (አለንጋም እንደ ነበረ አንዘንጋ፤ ሁሉ ማር አልነበረም።) አንድ መምህር መቶ ተማሪ በሚያስተምርበት ክፍል ይህን ማድረግ አይቻልም፤ በአጥቢያ ግን ይቻላል።

«ተከባበሩ» ብሎ መስበክ ብቻውን የሚያቀራርባቸው አይመስለኝም፤ የጋራ ሥራ ይሻላል። የቤተ ክርስቲያኑ ደን እየሳሳ ከሆነ የእርሻ ትምህርት መምህሩ ችግኙን ይምረጥ፣ የግቢ ጉባኤ ተማሪዎች ጉድጓዱን ይቆፍሩ። ምንጭ የሚጎለብት ከሆነ የውኃ ምሕንድስና ተማሪው ልኬቱን ይሥራ፣ መምህሩ ያርመው። እጃቸው ጭቃ ሲነካ ጨዋታው በራሱ ይመጣል።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ በአጥቢያው የሚኖሩትን መምህራን ስም መዝግቡ፤ የግቢ ጉባኤውንም ተጠሪ አስጠሩ። ተማሪዎቹን በቴሌግራም መጥራት ይበቃል። መምህሩን ግን የንስሐ አባቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ይጥሩት።