የጋጣ ብናኝና የጋማ ከብቶቻችን ሳንባ

(መርካቶ በተከበረው የዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)







ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሰፊ ገለጻ ተደርጓል። እኔ የማነሳው እህላችንን ከአውድማ ጀምሮ እስከ እህል በረንዳ ድረስ ስለሚሸከሙልን የጋማ ከብቶች ነው።

አህያ ወይም ፈረስ ሲያስል "ጭነት በዛበት፣ ብርድ መታው" እንላለን። ቀን የማይታየን ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ ይኸውም የሚያድርበት ጋጣ ነው። መርካቶ ቦታው ጠባብ በመሆኑ ጭዱ፣ የሻገተው ድርቆሽና ፍጉ አየር በሌለው ክፍል አብረው ያድራሉ። እንስሳው ሲመገብ አፍንጫውን መኖው ውስጥ ስለሚከት ደቃቁን የሻጋታ ብናኝ ወደ ሳንባው ይስባል።

ሰውነት ብናኙን ለመከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ሳንባ ይልካል። ሴሎቹ ከኦክሲጅን የሚሠሩትን ኃይለኛ ኬሚካል ይረጫሉ። ይህ በየሌሊቱ ሲደጋገም ኬሚካሉ የእንስሳውን የራሱን የአየር ቧንቧ ያቆስላል። ሳይንሱ "ኦክሲዴቲቭ ስትረስ" ይለዋል፤ ብረትን የሚያዝገውም ኦክሲጅን ስለሆነ የሳንባ ዝገት ብንለው ያስኬዳል። ዝገቱን የሚከላከሉት ቫይታሚን ሲና ከለምለም ሣር የሚገኘው ቫይታሚን ኢ ናቸው። ፈረስ ቫይታሚን ሲን በጉበቱ ይሠራል፤ ሆኖም በሽታው በጸናባቸው ፈረሶች ሳንባ ውስጥ አንሶ ተገኝቷል። የእንስሳት ሐኪሞች ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሽታውን የፈረስ አስም ይሉታል። አህያንም ይይዛል፤ አህያ ሕመሙን ስለሚደብቅ ግን ዘግይቶ ይታወቃል።

ምልክቶቹ መኖ ሲበላ ወይም ሥራ ሲጀምር ማሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ቆሞ እያለም በሆዱ እየገፋ መተንፈስ ናቸው። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ እብጠት ካለ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንስሳውን ለይቶ ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል።

መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሳል፤ ብናኙ እስካለ ግን በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ፦

1. ድርቆሹን በንጹሕ ውኃ ነክሮ በዚያው ዕለት ማብላት፤
2. ጋጣው ሲጠረግ እንስሳውን ማስወጣት፣ ወለሉንም ውኃ መርጨት፤
3. ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ መክፈት፤
4. ሲገኝ ለምለም ሣር መጨመር።

ውድ አባላት፣ አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ከሱሉልታም ሆነ ከሌላው የአዲስ አበባ ዙሪያ የሚመጣው ድርቆሽ ብዙውን ጊዜ የሚሻግተው እዚሁ መርካቶ ደርሶ አይደለም፤ በእኛው እጅ በደንብ ሳይደርቅ ሲከመር ነው። ሚዛን እንዲደፋ ብለን እርጥቡን ብንሸጥ ገዢው የሚከፍለው በእንስሳው ሳንባ ነው። እንስሳው ሥራ ሲፈታ ቤተሰቡ የዕለት ጉርሱን ያጣል። ብናኙ ደግሞ ባለ አህያውንና ወዛደሩንም አይምርም።

ዩኒየናችን ለእህል ጥራት የሚያደርገውን ቁጥጥር ለድርቆሽም እንዲያደርግ፣ የክፍለ ከተማው ኃላፊዎችም እህል በረንዳ አካባቢ አየር ያለው ማረፊያና የመጠጥ ውኃ እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።