«ከሳህ፣ ምን ነካህ?» ሲሉን ምን እንመልስ?
(ውፍረት ለመቀነስ ቀዶ ጥገና ላደረጉ የተደረገ ንግግር)



ቢላዋውስ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ማዕዱ ግን በየቀኑ ይጠብቀናል። በአንደኛው ዓይነት ቀዶ ጥገና ከጨጓራ ከመቶ 75 እስከ 80 እጁ ተቆርጦ ይወጣል። የምትቀረው ቀጭን ቱቦ ናት። ጉርሻ አቅራቢው ይህን ያውቃል እንዴ? «በሞቴ!» ይላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ግን አንዲቱ ብትበዛ ታስመልሳለች።

መጀመሪያ ገንቢው ይበላ፤ በጾም ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው። እንጀራው ይከተል። ውሃ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በኋላ። ጠጅማ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቶሎ አናት ላይ ይወጣል! ቪታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ፀጉር ቢረግፍ አትደንግጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የተንጠለጠለው ቆዳ ግን በራሱ አይሰበሰብም።

ከሁሉ የሚብሰው ወሬው ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን ስንቱ በመክሳቱ ብቻ ጣት ተቀስሮበታል! ዛሬም ዓይኑ ያው ነው። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ደግሞ ገመናችንን የሚያውቀው የቡና ጎረቤት ተበተነ። ስለዚህ እርስ በርስ እንደዋወል። ለጠያቂውም «ታክሜ ነው» በሉት፤ ይበቃዋል።