ተመልካቹ ማን ነው?

አንድ የኳንተም ቅንጣት ሁለት ቀጫጭን ስንጥቆች ቢቀርቡለት በየትኛው ያልፋል? እስኪለካ ድረስ፣ ይላል የፊዚክሱ ስሌት፣ ሞገዱ በሁለቱም ያልፋል። ሲለካ ግን አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው «ዓለምን የሚወስነው የሰው ንቃተ ህሊና ነው» ይላሉ።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። የፊዚክስ ሊቃውንቱ እነ ማርኩስ አርንትና አንቶን ዛይሊንገር እ.ኤ.አ. በ1999 ከ60 የካርቦን አቶሞች የተሠራን ሞለኪውል እጅግ ጥቃቅን ስንጥቆች ባሉት ፍርግርግ አሳልፈው የሞገድ ጠባዩን አዩ። በ2004 ደግሞ የቪየና ተመራማሪዎች 70 የካርቦን አቶሞች ያሉትን ሞለኪውል በሌዘር አጋሉት። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሞገዱ ምልክት ደበዘዘ፤ በመጨረሻም ጠፋ።

ምክንያቱ እጅግ ያስደንቃል። የጋለ ሞለኪውል ብርሃን ይረጫል፤ ብርሃኑም ሞለኪውሉ በየት በኩል እንዳለፈ የሚያሳብቅ መረጃ ይዞ ይወጣል። ያን ብርሃን ማንም ቁጭ ብሎ አልተመለከተውም፤ መረጃው ማምለጡ ብቻ በቂ ነበር።

ስለዚህ «ተመልካች» ለመሆን ዓይንም አእምሮም የግድ አያስፈልግም፤ የምትጋጭ የአየር ቅንጣትም ትበቃለች። ከብዙ ዕድሎች መካከል አንዱ ብቻ ለምን እውን እንደሚሆን ግን የፊዚክስ ሊቃውንት ዛሬም እየተከራከሩበት ነው።