ተዝካርና የነፍስ መንጻት



ነፍስ ከሞት በኋላ በቅጣት ትነጻለች የሚለውን ትምህርት፣ ማለት ፑርጋቶሪዮን፣ የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1439 (እ.ኤ.አ.) በፍሎሬንስ ጉባኤ አጸናችው። በ1441ም ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከዚያው ጉባኤ ደርሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ትምህርቱን አልተቀበለችውም። በእኛ ዘንድ የጻድቃን ነፍስ በገነት፣ የኃጥአን ነፍስ በሲኦል ሆና የመጨረሻውን ፍርድ ትጠብቃለች፤ ሕያዋን ደግሞ በጸሎት፣ በቅዳሴና በምጽዋት ይረዷታል። ቃላቱንም ብንመረምር ፍትሐት መፍታት፣ ተዝካር መታሰቢያ ነው፤ እሳትን የሚያነሣ የለባቸውም።

እንግዲህ ወደ አገራችን ወደ መርሐቤቴ እንመለስ። በዓለም ከተማ ዙሪያ ሰው ሲሞት ሣልስቱና ሰባቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው አርባው ነው። ጠላው ይጠመቃል፣ እንጀራው ይጋገራል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ያደርሳሉ። ይህ ሁሉ መልካም። ነገር ግን (ያላየ ካለ ይመስክርብን) ከዳሱ ውስጥ ተቀምጦ የሚበላው በቤቱ የጠገበው ሲሆን፣ የኔ ቢጤው ከደጅ ቆሞ ትራፊ ይጠብቃል። ባለተዝካሩም «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የእርሻ በሬውን ያርዳል፤ ሰኔ ሲገባ በሬ ፍለጋ ከጎረቤት ደጅ ይጠናል።

ነፍስን የሚረዳት ለድኻ የተሰጠው ከሆነ፣ በሬው የታረደው ለማን ነው? ሽማግሌዎቻችን «አባቱን የማያስብ ትውልድ» ይሉን ይሆናል። እኛ ግን መታሰቢያው ይቅር አላልንም። ቅዳሴው ይቀደስ፣ ድኻው አስቀድሞ ይብላ፣ በሬው ለእርሻ ይቆይ እንላለን። በመጪው ክረምት ዓለም ከተማ ስንገባ ይህንኑ ለየንስሐ አባቶቻችን እናቀርባለን፤ በአገሬው ዘንድ ከእኛ ቃል ይልቅ የእነርሱ ይሰማልና።