የጓሮ ዶሮና የእጅ ንጽሕና

ባለሙያ ወይዘሮ ለበዓል የታረደውን ዶሮ በ12 ብልት አውጥታ፣ በሎሚና በጨው እያሸች ውኃው ኩልል ብሎ እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ ስታነጻ ላየ ሰው፣ ንጽሕና ከአበው የወረስነው ሥርዓት መሆኑ አያጠራጥረውም፤ ዳሩ ግን በዶሮ አንጀት ውስጥ የሚኖረው፣ በአሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም በዳንኤል ሳልሞን ስም ሳልሞኔላ የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ፣ ሥጋው እስከ አጥንቱ ድረስ ሲበስል እንጂ በሎሚና በጨው እንደማይጠፋ ልናውቅ ይገባናል። ወጡስ ብዙ ሰዓት ስለሚንተከተክ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው ከእጥበቱ የሚፈናጠቀው ውኃ፣ ዶሮው በተበለተበትም ቢላዋ ሳይታጠብ የሚከተፈው ቲማቲምና ቃሪያ ነው።

ደግሞም ዶሮዋ አንዳች ሕመም ሳይታይባት፣ እየበላችና እንቁላል እየጣለች፣ ተሐዋሲውን በኩሷ ትዘራለች፤ ስለዚህ ሰው በሚተኛበት ቤት ቆጥ ሠርቶ ማሳደሩ፣ ይልቁንም፣ ይህ እጅግ ያሳዝነኛልና፣ ገና የሚድህ ሕፃን ጫጩት አቅፎ ጣቱን ወደ አፉ ሲከት ዝም ብሎ ማየት፣ ትኩሳትንና ብርቱ ተቅማጥን መጋበዝ ነው። ደዌው ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ይከፋል። ለብርታት ይበጃል እየተባለ የሚጠጣው ጥሬ እንቁላልም ቢቀር ይሻላል፤ ቅርፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ውስጡ የተበከለ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ ዛሬ ቆጡን ጠርጋችሁ ወይም እንቁላል ለቅማችሁ ስትመለሱ፣ ሕፃን ከማቀፋችሁና እንጀራ ከመቁረሳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልጆቻችሁንም አስታጥቡ።